የጋይንት ወጣት በገዛ አገሩ መንገድ መሪ ሊሆን ይችላልን?

ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ በመኪና የሚጓዝ አገር ጎብኚ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ተራራ ትከሻ ይዞ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። እዚያም ሻይ ጠጥቶና እግሩን አፍታቶ በጨጨሆ በኩል ወደ ጋሸና ይቀጥላል። የወረታና የወልድያ መንገድ ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ ጋይንት ከዚህ እንግዳ ያገኘችው ጥቅም ከሻይ ሒሳብ እምብዛም አላለፈም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስማዳና እስቴማ ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ገባ ያሉ በመሆናቸው የሻዩም ሒሳብ አልደረሳቸውም።

ይህ የሆነው ግን ለእንግዳ የሚታይ ነገር ጠፍቶ አይደለም። በጋይንት የሚገኘው የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም የገጠር ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን በጥርብ ድንጋይና በተቀረጸ እንጨት የተሠራ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ሕንጻ ይገኛል። ቶማስ ፓኬንሃም የተባለው ጸሐፊ በወጣትነቱ፣ በ1955 እ.ኤ.አ.፣ እዚያ ደርሶ ያየውን በመጽሐፍ በማውጣቱ ሥፍራው በውጭ አገር ታወቀ። ፈረንጅ «አገኘው» ሲባል የጋይንት ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ድጓ ለማስመስከር የሚሻ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ከየአገሩ ወደ ቤተልሔም ሲመላለስ ኖሯልና። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ደግሞ እዚያው ጋይንት ውስጥ ዙር አባ አለ። የአካባቢው ገበሬ የሩቅ እንግዳ ማስተናገድን የተማረው ከቱሪስት ሳይሆን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጁ ከሚቆመው የቆሎ ተማሪ ነው።

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉትም በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው። ጉና ራሱ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን ጣናን የሚመግቡት የርብና የጉማራ ወንዞች የሚነሡት ከእርሱ ነው። በስማዳ በኩል ደግሞ መሬቱ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። በአንድ ሳምንት የእግር ጉዞ ከውርጭ እስከ ቆላ ማሳየት የሚቻልበት አገር ነው።

ጥያቄው ይህን ሁሉ ለእንግዳው የሚያሳየው ማን ነው የሚለው ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. በመሆኑ ከዚያ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰው ወጣት በአብዛኛው የራሱ ማሳ የለውም። የወላጆቹን ያርሳል፤ ወይም በእኩል ይይዛል፤ ካልሆነም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል መሆናቸውም የችግሩን ስፋት ያመለክታል። ለእንዲህ ያለው ወጣት በተወለደበት ቀዬ መንገድ እየመራ ገንዘብ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ከጨጨሆ ማዶ በምትገኘው የመቄት ወረዳ፣ ተስፋ በሚል ስም የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ሃያ ዓመት አልፎታል። እንደ መቋት ማርያም ባሉ ሥፍራዎች ገበሬዎች ተደራጅተው በገደሉ አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎች ሠሩ። ጎብኚው ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙን የገበሬ አህያ ይጭናል፤ መንገዱን የአካባቢው ልጅ ይመራል። የማደሪያና የምግቡ ገቢ ለመንደሩ ማኅበር ሲሆን መንገድ መሪው የድካሙን ዋጋ ያገኛል። በሰሜን ተራሮችም ደባርቅ ላይ አስጎብኚዎች በማኅበር ተደራጅተው በወረፋ ይሠራሉ። ወረፋው ቀላል ነገር ይምሰል እንጂ፣ ባይኖር ኖሮ ቋንቋ የሚቀናው አንድ ሰው እንግዳውን ሁሉ ጠቅልሎ ይወስድና ጎረቤቱ ይቀየመዋል።

ይሁን እንጂ በግብርና ዓይን ሲታይ አንድ ችግር አለ። ጎብኚ የሚበዛው ክረምቱ ከወጣበት ከመስከረም ጀምሮ እስከ ጥር ነው። የደጋው ገብስና ስንዴ የሚታጨደውና የሚወቃውም በዚያው መካከል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። አህያዋ የእንግዳ ጓዝ ስትጭን ነዶውን ማን ያጓጉዛል? ልጁ ቤተልሔም ሲመላለስ አባቱ ከአውድማው ላይ ብቻውን ነው። በወረፋ መሥራት ለፍትሕ ብቻ ሳይሆን ለአጨዳም ይጠቅማል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ተራው ያልደረሰው ተራው ለደረሰው ሊያጭድለት ይችላል። ደቦ ለለመደ ሕዝብ ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንም። በሌላ በኩል ደግሞ ዕንቁላሉ፣ ዶሮውና ድንቹ ወደ ገበያ ሳይወጣ ከእንግዳው ጎጆ ቢሸጥ ጥቅሙ ለሴቶቹም ይደርሳል።

ከሁሉም የሚከብደው የሰላም ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወረርሽኙ ጎብኚውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተከተለ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ነፋስ መውጫ ራሷ በትግራይ ኃይሎች እጅ ወድቃ ነዋሪዎቿ ብዙ ግፍ ተፈጸመባቸው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። በላሊበላ ኑሮአቸውን በጎብኚ ላይ ብቻ የመሠረቱ አስጎብኚዎች ሥራ ሲፈቱ ታይቷል። ጓሮና በሬ ያለው ግን፣ ቢያንስ የሚመለስበት ነበረው። ስለዚህ የጋይንትና የእስቴ ወጣት መንገድ መሪነትን ከእርሻ ጋር እንጂ በእርሻ ምትክ ሊይዘው አይገባም።

እስከዚያው ሳይጠበቅ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። ብዙውን ጊዜ አስጎብኚ ለመሆን የሚፈለገው እንግሊዝኛ ብቻ ይመስላል። ፈረንጁ ግን ቤተልሔም ውስጥ ቆሞ የሚጠይቀው ስለ ድጓው ነው። ጨጨሆ ላይ ቆሞ መድፉ በየት በኩል ወጣ ይላል። ይህን የሚያውቁት የድጓ መምህራንና ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነርሱም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። መጀመሪያ የሚመጣውም እንግዳ ፈረንጅ ላይሆን ይችላል፤ ለንግሥ የሚመጣው ምእመንና ከአዲስ አበባ የወላጆቹን አገር ሊያይ የሚመጣው የጋይንት ተወላጅ በአማርኛ ነው የሚጠይቀው። የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ገንዘብ የደብሩ እንጂ የመሪው አለመሆኑንም ከካህናቱ ጋር ከወዲሁ ተነጋግሮ መስማማት ያስፈልጋል። በዚህ ነገር የተነሣ ጠብ በኋላ ቢበረድም፣ በሩን የሚከፍተው ቄሰ ገበዝ ቁልፉን ይዞ ከቤቱ ከቀረ እንግዳው የሚያየው የሣሩን ክዳን ብቻ ነው።