ሃያ አራት ሰዓቱ የማን ነው?

«ሁሉም ሰው ያለው እኩል ሃያ አራት ሰዓት ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እኔም ከአንድም ሦስቴ ለጥፌያታለሁ። ከሥሯ ጤዛ የነካው የሩጫ ጫማዬ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ደግሞ «ሰበብ የለም» የሚል ጽሑፍ። ብዙ ልብ ተሰጥቶኛል፤ «አንበሳ!» ተብያለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምወቅሰው ሰው መጀመሪያ ራሴ ነኝ። የቀራችሁት ድርሻችሁን ታውቁታላችሁ።

ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። ሩጫ የጀመርኩት እንደ አብዛኞቻችሁ በታላቁ ሩጫ ቲሸርት ነው። ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር አነሰኝ፤ 21 መጣ፤ ከዚያ ያው ማራቶን። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አይከፍለኝም፣ ማንንም አላሸንፍም። ለራሱ ደስታ የሚሮጥ ሰው ማለት ይኸው ነው፤ ክፋትም የለውም።

በ2015 ዓ.ም. ከርቀት እንድሠራ ሲፈቀድልኝ ላፕቶፔን ይዤ ወደ እናቴ ቤት፣ ወደ መንዝ መሐል ሜዳ ገባሁ። ሒሳቡ ቀላል ነበር። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳር ካለው በሠላሳ በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ሰውነት ያንን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ፈረንጅ ይህን ለማግኘት አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ካምፕ ተከራይቶ ይመጣል። እኔ በነፃ አገኘሁት። «በነፃ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከጥምቀት ማግስት የአሥራ ስምንት ሳምንት ዕቅድ ጀመርኩ። ከኢንተርኔት የወረደ፣ በቀለም የተከፋፈለ፣ የሚያምር ሠንጠረዥ። በሳምንት አምስት ቀን ሩጫ፣ እሁድ ረጅሙ። ዕቅዱን ያወጣው ሰው እሁድን የመረጠው ባዶ ቀን ስለሆነ ነው። የማን እሁድ ነው ባዶው? መንዝ ውስጥ እሁድ ማለት ቅዳሴ፣ ሰንበቴ፣ ዕድር፣ ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ ነው። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ሰው የሚፈለግበት ቀን እሁድ ነው። እኔ ግን ሠንጠረዡን አመንኩ። ኢንጂነር አይደለሁ? ሠንጠረዥ ካየን እናምናለን።

መጋቢት መጨረሻ ላይ 32 ኪሎ ሜትር የተጻፈበት እሁድ ደረሰ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል የጫማዬን ክር እያሰርኩ ጥሩምባ ሰማሁ። እዚያ አካባቢ ላላደገ ልንገረው፤ በዚያ ሰዓት ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። የሞቱት ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ፣ ልጅ ሆኜ ቆሎ በኪሴ የሚጨምሩልኝ ሽማግሌ ነበሩ። ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣውን ሐሳብ ሳልሸፋፍን ልናገር፤ «ቀብሩ 6 ሰዓት ነው፤ እኔ 4 ሰዓት ሳይሞላ እመለሳለሁ» የሚል ነበር። ወጣሁ።

ተመለስኩም። በሰዓቱ። ታጠብኩ፣ በሶ በጠበጥኩ፣ «ለአምስት ደቂቃ» ብዬ ጋደም አልኩ። ስነሳ 9 ሰዓት ሆኗል።

ቀብር የዘገየ ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ ይቅርታ ይላል፤ ያ ይታለፋል። ያልታለፈኝ ሌላ ነው። መንዝ መሬቱ ድንጋይ ነው፤ መቃብር የሚቆፍሩት ደግሞ የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። የዚያን ቀን ብዙዎቹ ወደ ከተማ ለሥራ ሄደው ስለነበር ዶማ ከያዙት አንዱ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ጎረቤታችን ነበሩ። በቀበሌው ውስጥ የተሻለ ሳንባ ያለው የ26 ዓመት ጎረምሳ፣ ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ በእጅ ሰዓቱ የሚያነብ ሰው፣ አልጋ ላይ ነበር። እናቴ አልተቆጣችም። ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ማን ነው የሚያባርርህ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን አንድ ነገር ገብቶኛል። ረጅም ሩጫ ሦስት ሰዓት ተኩል አይደለም። የሩጫው ሰዓት መተግበሪያው የሚቆጥረው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ማታ በጊዜ መተኛት አለ፤ ከዚያ በኋላ መታጠብ፣ መብላት፣ እንደ እንጨት ደርቆ መተኛት አለ። ስትራቫ ላይ የሚወጣው 3 ሰዓት ከ40 ነው፤ ከቤት የሚወጣው ሙሉ ቀን ነው።

አሁን ወደ «በነፃ» ልመለስ። እናቴ ቤት ያኔ የቧንቧ ውኃ አልነበረም። ውኃ የሚቀዳው ከቦኖ ነው፤ ቦኖው ከቤታችን 400 ሜትር ያህል ይርቃል። ቀጂዋ ታናሽ እህቴ ነበረች፤ 12ኛ ክፍል፣ ለመልቀቂያ ፈተና የምትዘጋጅ። እኔ በሮጥኩ ቁጥር ለገላዬና ለላብ ልብሴ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተጨማሪ ውኃ ያስፈልግ ነበር። 18 ሳምንት በ5 ቀን 90 ሩጫ ነው። 90 ጀሪካን 1,800 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ቶን ከስምንት መቶ ኪሎ ውኃ ነው። ደርሶ መልስ 800 ሜትር በ90 ሲባዛ 72 ኪሎ ሜትር። ግማሹን መንገድ 20 ኪሎ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ፣ በዚያው 3,000 ሜትር ከፍታ፣ በፕላስቲክ ጫማ። ይህ የእኔ ሩጫ ያመጣው ትርፍ ብቻ ነው፤ የቤቱ መደበኛ ውኃ አልተቆጠረም።

እኔ ማራቶን ሮጥኩ ብዬ ፎቶ ለጠፍኩ። እሷ ከማራቶን በላይ ተጉዛ ማንም አላጨበጨበላትም፤ ከሁሉ በፊት እኔ። ያን ውኃ እንድትቀዳ ማንም አላዘዛትም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ይሄ ነው የሚከፋው፤ አለመጠየቄን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር። ኮድ ለምትጽፉ ሰዎች፣ አንድ ፕሮግራም በጣም ፈጣን መስሎ ሲታይ አንዳንዴ ሥራውን ለሌላ ሰርቨር አሸክሞ ነው። እኔ ፈጣን ነበርኩ።

«የአንተ ጉዳይ የገጠር ነው» የሚለኝ የአዲስ አበባ ሯጭ ይኖራል። እሺ፣ ያንተን እንቁጠር። እሁድ ጠዋት እንጦጦ ስትወጣ ልጁን የያዘው ማነው? ተመልሰህ ስትበላ ሽንኩርቱን የከተፈው ማነው? ሠራተኛ ካለችህ ደግሞ እሁዷ የታለ? ከሚሮጡ ሴት ጓደኞቼ አንዷ ሳትነግረኝ ያላስተዋልኩት ነገርም አለ። እሷ ከመውጣቷ በፊት ቁርስ ሠርታ ነው የምትወጣው። እኔ ከመውጣቴ በፊት ጂፒኤስ እስኪያገኝ ነበር የምጠብቀው። «ሚዛን» የምንለው ነገር እኮ ሁለት ሰፌድ አለው። የአንተ ቀለል ካለ የሆነ ሰው ሰፌድ ከብዷል።

እዚህ ላይ አበበ ቢቂላን የሚያመጣብኝ አይጠፋም፤ ሁሌም ይመጣል። «አበበ ወታደር ነበር፤ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ አንተ ምን ሰበብ አለህ?» አበበ የእኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው፤ መንዲዳ አካባቢ ጃቶ ነው የተወለደው፤ ስለዚህ ስሙ ሲነሳ ደረቴ ከማንም በላይ ይነፋል። ግን ታሪኩን በትክክል እናንሳው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ሮም ላይ 2:15:16 ሲገባ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ክቡር ዘበኛም እንዲሮጥ የፈለገ፣ ጊዜ የሰጠ፣ እንደ ኦኒ ኒስካነን ያለ አሠልጣኝ የነበረው ተቋም ነበር። ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱ ከወጣ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ አሸነፈ። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ተአምራዊ ጽናት ነው። ግን ቀን ባንክ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ሰው ማታ እንዴት እንደሚሮጥ የሚያስተምር ታሪክ አይደለም።

የጫጫዋ ጌጤ ዋሚም እንደዚያው። በ2007 እ.ኤ.አ. በርሊንን አሸንፋ ከ35 ቀን በኋላ ኒውዮርክ ሁለተኛ ወጣች። ጉልበቷ ይገርመኛል። ሩጫ ግን ሥራዋ ነበር። ጸጋዬ ከበደ ልጅ ሳለ እንጨት ለቅሞ ይሸጥ ነበር፤ በኋላ ለንደንን ሁለቴ አሸነፈ። እሱ የሮጠው ከእንጨቱ ለመውጣት ነው እንጂ እንጨቱን እየሸጠ በትርፍ ሰዓቱ ራሱን «ለመፈተን» አይደለም። ለእነሱ ሩጫ እንጀራ ነው፤ ለእኛ እንጀራው ከተበላ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። የእነሱን ፎቶ ለጥፎ የፋርማሲ ሠራተኛዋን «ሰነፍ» ማለት ጀግኖቹንም እሷንም መስደብ ነው።

በሌላ በኩል ያሉትንም አልምርም። መሐል ሜዳ ላይ «ብር ለማያመጣ ሩጫ ምን አደከመህ?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ልክ አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ የተጎበጠ ሰው መሮጡ ትርፉ ብዙ ነው፤ ያንን የሚክድ ወገቡ ይመስክርበት። ጾሙንም ቢሆን ሞክሬዋለሁ። የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 13 ገባ፤ ዕቅዱ እንቁላልና ወተት ሲያዘኝ በሽሮና በምስር ሃምሳ አምስቱን ቀን ወጣሁት። (የመንዝ ገብስ በሶ ከነዚያ ውድ ጄሎች አይተናነስም፤ ጥቅሉ ብቻ ነው የሚጎድለው።) ሰውነት ከሠንጠረዥ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ከኑሮ ጋር ይደራደራል። የማይደራደረው እኔ ነበርኩ።

ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ ጓሳ አለ። ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን በፎቶ ሳታዩት አልቀራችሁም። እኔን ያስቆመኝ ግን ሣሩ ነው። የመንዝ ሰው ያንን ሣር ለዘመናት የጠበቀው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነበር። መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም ከብት አያስገባም፣ ማንም አያጭድም። ከዚያ ባለ መብቶቹ መክረው የሚከፈትበትን ቀን ይወስናሉ። ፍጹም ሥርዓት ነበር አልልም፤ መብቱ በዘር ሐረግ የሚያዝ ነበር፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅም ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጥበቃው በሌላ መልክ ነው የቀጠለው። ነገር ግን ሐሳቡን እዩት። ሣሩ የጋራ ስለሆነ ልኩን የሚወስነው የአንድ ሰው ጽናት አይደለም፤ የሚጋሩት ሰዎች ምክክር ነው። የአንድ ቤት እሁድም የጋራ ሣር ነው። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ ከብቴን ለቀቅኩበት፤ ከዚያ ከብቴ ስለወፈረ ራሴን አመሰገንኩ።

ደግሞ ሃያ አራቱ ሰዓት ሁሉም ቦታ እኩል እንዳልሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ያኔ ብቻዬን እሮጥበት የነበረውን መንገድ ከ2015 ክረምት ወዲህ በማለዳ አልሞከርኩትም። ግጭት ባለበት አገር፣ ጎሕ ሳይቀድ ጨለማ ውስጥ የሚሮጥ ጎረምሳ ለሚያየው ሁሉ ጥያቄ ነው፤ «ልምምድ ላይ ነኝ» የሚል መልስ ደግሞ የሚሰማው ካገኘ ነው። ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት እናቴን በስልክ ማግኘት ራሱ ማራቶን ነበር። ከግሼ ወይም ከመርሐ ቤቴ ለሆነ ልጅ «ሰበብ አታብዛ» ብሎ መጻፍ እስቲ ይሞከር።

ታዲያ ምን ይደረግ ካላችሁ፣ እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ ሕግ አይደለም። ማራቶኑን ግንቦት ላይ በ4 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ጨረስኩ፤ ሌላ አልተመዘገብኩም። ቢያንስ ሌሎች ሰዎች በእኔ ሰዓት ላይ እስካሉ ድረስ አልመዘገብም። በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ፤ ረጅሙ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ከ16 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ላቤን ራሴ አጥባለሁ፤ ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ። ለታላቁ ሩጫም ያለኝ አክብሮት ጨምሯል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በ10 ኪሎ ሜትር ብቻ ስንቱን ሰው እያዘፈነ አስሮጧል፤ ማታ ለቅሶ ለመድረስም አቅም ይተርፋል። ማራቶን ያልሮጠ ሯጭ አይደለም ያለን ማነው?

ባለፈው ፋሲካ እህቴ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ሳለ ያንን የጀሪካን ሒሳብ በስልኬ አሳየኋት። 90፣ 1,800 ኪሎ፣ 72 ኪሎ ሜትር። ታለቅሳለች ብዬ ነው መሰለኝ ድምፄን ሁሉ ዝቅ አድርጌ ነበር። እሷ ስልኩን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች።

«አንተ፣ የዚያን ጊዜ ያን ጫማህን ስንት ነበር የገዛኸው?»

ነገርኳት።

«በሱ እኮ አህያ ይገዛ ነበር!»