ድንጋዩ አበራ፣ ቧንቧው ተደፈነ

ከሰርቪስ ቤት የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አጌት ድንጋይ በሞተር በሚዞር ትንሽ በርሜል ማለስለስ ቆንጆ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። አከራይህ ግን «ቧንቧዬን ደፈንክብኝ፣ ውጣልኝ» ማለታቸው አይፈረድባቸውም። (የሌሊቱን ጩኸትማ ችለውልሃል!)

ያ ግራጫ ጭቃ የድንጋይ ዱቄትና የሲሊከን ካርባይድ ብናኝ ነው። ከባድ ስለሆነ ከሲንኩ ሥር ባለው የቧንቧ እጥፋት ላይ ይቀመጣል፤ እያደር እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። «የቧንቧ መክፈቻ ኬሚካል ልጨምርበት?» ላልከው፣ ኬሚካሉ ቅባትና ፀጉር እንጂ ድንጋይ አያሟሟም። እጥፋቱ ተፈቶ ይጠረግ፤ የሠራተኛውን ሂሳብ አንተ ቻል።

ከእንግዲህ ድንጋዩንም በርሜሉንም ባልዲ ውስጥ እጠብ። ባልዲውን አንድ ሁለት ቀን ሳትነካው ተወው፤ ጭቃው ይዘቅጣል። ከላይ የጠለለውን ውኃ ቀስ ብለህ ቅዳና ለሚቀጥለው እጥበት አቆየው። ለመጨረሻው ማብረቂያ ግን አይሆንም፣ የቀረች ብናኝ ድንጋዩን ትቧጭረዋለች። ዝቃጩን እርጥብ እንዳለ በድርብ ፌስታል ቋጥረህ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ስጥ።

ፈስሶ ወለል ላይ ከደረቀ በመጥረጊያ እንዳትነካው! የአጌት ዱቄት ሲሊካ ነው፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ አንሳው። የአከራይህ ልጅ አስም አለባት ብለህ የለ?