«ጨርሺው» ማለት ምኑን?

ማታ 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ መድኃኒት ቤት ተሰልፈናል። ከፊቴ የቆመችው ወጣት እናት ያዘለችው ልጅ በሳል መሃል ያቃስታል። ማዘዣዋን በመስኮቱ አሾለከች። ነጭ ጋዋን የለበሰው ወጣት «ስንት ዓመቱ ነው?» አላት። «ዓመት ከሁለት ወር።» የደረቅ ዱቄት ጠርሙስ አነሳ፤ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «1×3» ብሎ ጻፈና ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተላት። «በጥብጠሽ አንድ አንድ ማንኪያ፣ በቀን ሦስቴ። ጨርሺው፣ እሺ?»

«እሺ ዶክተር።»

«ቀጣይ!»

አንድ ደቂቃ አልሞላም። ነገ ይህች ሴት በሬዲዮ ስትወቀስ ትሰማለች፤ እናቶች መድኃኒት ያቋርጣሉ፣ በእናቶች ግዴለሽነት ጀርሞች መድኃኒት ተላመዱ ይባላል። አንቲባዮቲክ ለጉንፋን እንደማይሠራ፣ ያለ ማዘዣ መሸጡም ሕገ ወጥ እንደሆነ ሁሉም የሚሰብከው ስለሆነ አልደግመውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ በትክክል ታዞለት፣ በትክክል ተገዝቶለት፣ እናቱም የተባለችውን አንድ ሳታጎድል ፈጽማ፣ ልጁ ግን ግማሽ መድኃኒት የሚያገኝበት ነገር።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የልጁ ሕመም የሳንባ ምች፣ ክብደቱም 10 ኪሎ ነው እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሳንባ ምች የሚመክረው አሞክሳሲሊን በ1 ኪሎ ክብደት ቢያንስ 40 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለቴ ነው። ይህ ልጅ በቀን 800 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ጠርሙሱ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም የያዘው ዓይነት ከሆነ፣ «አንድ ማንኪያ ሦስቴ» 375 ብቻ ነው። ከግማሽ በታች! እንደ ምክሩ ቢሰጠው ኖሮ ባለ 100 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ በአራተኛው ቀን ጠዋት ባዶ ይሆን ነበር። በ5 ሚሊ ሊትር 250 የያዘው ደግሞ ለ5 ቀን በትክክል ቢሰጥ 20 ሚሊ ሊትር ይተርፋል። እንግዲህ «ጨርሺው» ሲባል ምኑ ነው የሚጨረሰው? ጠርሙሱ ነው ወይስ ቀኑ? ጠርሙስ የሚለካው በፋብሪካ ነው፤ የልጁን ክብደት አያውቅም። እዚያ መስኮት ላይ ክብደቱን የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም፤ ክብደቱ የሚጻፍበት የክትባት ካርድም ከእናቲቱ ቦርሳ ሳይወጣ ተመለሰ።

ስለ ማንኪያው ደግሞ ላውራ። አንድ ቀን ቤቴ ያሉትን የሻይ ማንኪያዎች ሰብስቤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለካኋቸው። አንዷ 3 ሚሊ ሊትር አልሞላችም፣ አንዷ 7 ደረሰች፤ 5 የያዘችውን ፈልጌ አጣኋት። ሲሪንጁ የሚሸጠው እኮ እዚያው መድኃኒት ቤት ነው፣ በትንሽ ብር! ከጠርሙሱ ጋር አንድ ሰጥቶ፣ ልኬቱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሮ «እስከዚህ» ማለት ምን ያስቸግራል? ሲሪንጅ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙዎቻችን አፍንጫችን ተይዞ ተግተን ነው ያደግነው፤ በዚያ አኳኋን የሚጋት ልጅ ሊታነቅ ይችላል። በሲሪንጅ ግን ልጁን ቀና አድርጎ በጉንጩ በኩል ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ይቻላል። ጡጦ ውስጥ ጨምረው የሚሰጡም አሉ፤ ልጁ ጡጦውን ካልጨረሰ ምን ያህል መድኃኒት እንደወሰደ ማን ያውቃል?

ከሁሉም የባሰው ብጥበጣው ነው። ዱቄቱን መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጎ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በከፊል ተጨምሮ ይናጣል፤ ከዚያ እስከ ምልክቱ ይሞላል። ችግሩ አረፋው ነው፤ እናት አረፋውን ምልክቱ ላይ አይታ ሞላ ብላ ትከድነዋለች። አረፋው ሲወርድ ውሃው ከምልክቱ በታች ይገኛል፣ መድኃኒቱም ከታሰበው ይወፍራል። አረፋው እስኪወርድ ጠብቆ እንደገና መሙላት እንዳለባት የነገራት የለም። በየመስጫው ካልተናጠም መድኃኒቱ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹ ወፍራም ይሆናሉ። ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው አጭር መሆኑም መነገር ነበረበት። ብዙውን ጊዜ 7 ቀን ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ 14 የሚፈቅድም አለ፤ ካርቶኑ ላይ በደቃቅ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ያ የተረፈ 20 ሚሊ ሊትር ለሚቀጥለው ሳል ተብሎ መደርደሪያ ላይ የሚጠብቀው እናት ይህን ስለማታውቅ ነው።

ለምን እዚያው በጥብጠው እንደማይሰጡ ሲጠየቁ ባለሙያዎቹ የሚሰጡትን መልስ ሰምቻለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። እዚህ ከበጠበጥነው ዕድሜው ከዚሁ መቆጠር ይጀምራል ይላሉ፤ እሱም እውነት ነው። ሁለት ጠርሙስ የምትወስድ ከሆነ ግን አንዱ እዚሁ ዓይኗ እያየ ይበጥበጥላት፣ ሁለተኛው ደረቁን ይሂድ፤ የመጀመሪያውን ያየች ሁለተኛውን አትስተውም። ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ የለንም የሚል ሙያ «እናቶች አይሰሙም» የማለት መብት የለውም።

የሚገርመው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያድን ነገር መኖሩ ነው። በውሃ የሚሟሟው የአሞክሳሲሊን ኪኒን የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለሕፃናት የሳንባ ምች ያስቀደሙት ነው፤ አንዱ ፍሬ 250 ሚሊ ግራም። ለ7 ወር ሕፃን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለ5 ቀን፤ 10 ፍሬ። በጥቂት ንጹሕ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ይሟሟል። ምልክት፣ አረፋ፣ ፍሪጅ የለም። «ጨርሺው» ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ፍሬው ሲያልቅ ቀኑም ያልቃል። የገጠር ጤና ኬላ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቆጥራ የምትሰጠው ይህንን ነው። ከተሜው ግን «ለሕፃን ኪኒን?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ጠርሙሱ ጣፋጭ ነው፣ ካርቶኑ የሚያምር ሥዕል አለው፤ ወደድ ማለቱም የደረጃ ምልክት ሆኗል። ሻጩም ይህን ያውቃል።

ያን ማታ ተራዬ ደርሶ የራሴን ስቀበል ሴትየዋ ተመልሳ መጣች። ፌስታሉን ከፍታ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ያዘችው። «ዶክተር፣ ውሃው እስከ የቱ ድረስ ነው?» አለች።

ወጣቱ ቀና ሳይል መለሰላት። «ተጽፏል እኮ፣ እናቴ።»