ሳሪው ስም አገኘ፣ ሸማኔውስ?

በሰሜን ሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት የምትገኘው ካናውጅ ሽቶ የምታወጣበት መንገድ ከአረቄ አወጣጥ ብዙም አይርቅም። ማለዳ የተለቀመው ጽጌረዳ ከውኃ ጋር ትልቅ የመዳብ ጋን ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ዙሪያውን በጭቃ ይመረግና ከሥሩ እሳት ይነድዳል። እንፋሎቱ በቀርከሃ ቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተዘፈዘፈ ሌላ የመዳብ ዕቃ ይወርዳል፤ እዚያ የሚጠብቀው የሰንደል ዘይት መዓዛውን ይቀበላል። የካናውጅ ባለሙያዎች የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ሲነካ የሚሸተውን ሽታ እንኳን ከሸክላ አፈር አውጥተው በጠርሙስ ይሸጣሉ።

ይህን የመሰለ ሙያ በየአካባቢው ያላት ግዛት እ.ኤ.አ. በጥር 2018 «አንድ አውራጃ፣ አንድ ምርት» የተባለ ፕሮግራም ጀመረች። ለ75ቱ አውራጃዎች የየራሳቸው መታወቂያ ምርት ተመረጠላቸው፦ ለካናውጅ ሽቶ፣ ለአሊጋር ጓጉንቸር፣ ለፊሮዛባድ የብርጭቆ አምባር፣ ለሞራዳባድ የናስ ዕቃ፣ ለብሃዶሂ ምንጣፍ፣ ለቫራናሲ ሐር። ሐሳቡ መነሻ ያደረገው የጃፓኗን ኦይታ ነው፤ የዚያ ክፍለ ሀገር ገዥ የነበሩት ሞሪሂኮ ሂራማትሱ በ1979 «አንድ መንደር፣ አንድ ምርት» ብለው የጀመሩት ንቅናቄ ታይላንድንም አዳርሷል።

ሕንድ ነገሩን በአንድ ግዛት አላቆመችውም። የማዕከላዊው መንግሥት ፕሮግራሙን አገር አቀፍ አደረገው፤ በ2022 ደግሞ የባቡር ጣቢያዎች ለአካባቢያቸው ምርት መሸጫ እንዲሰጡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሰኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ለቡድን 7 ስብሰባ ጀርመን ሲሄዱ ለመሪዎቹ ያበረከቱት ስጦታ በአብዛኛው ከኡታር ፕራዴሽ የእጅ ባለሙያዎች የተገኘ ነበር። ለአንድ ሸክላ ሠሪ ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል?

አካሄዱ ብልህነት አለው። አንድ አምባር ሠሪ ብቻውን የውጭ አገር የንግድ ትርዒት ላይ ቦታ አይከራይም፤ የላቦራቶሪ ምርመራ ወጪም አይችልም። አውራጃው በአንድ ምርት ሲታወቅ ግን የጋራ መሥሪያ ማዕከል፣ ብድር፣ ሥልጠናና የገበያ ድጋፍ ወዴት መሄድ እንዳለበት ግልጽ ይሆናል። ተጠያቂውም ባለሥልጣን ይታወቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው።

የቫራናሲ ሳሪ በ2009 በሕንድ ሕግ የጂኦግራፊያዊ አመልካች ምዝገባ፣ ማለትም የምርቱን ስም ለትውልድ ስፍራው ብቻ የሚጠብቅ መብት፣ አግኝቷል። ያም ሆኖ በጉጃራት ግዛት፣ በሱራት የኤሌክትሪክ መሸመኛዎች የሚመረት ርካሽ አስመሳይ ጨርቅ በዚያው ስም ገበያውን ያጥለቀልቀዋል። በእጅ የሚሠራው ሳሪ እንደ ጥለቱ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ ማሽኑ ለዚያ ጊዜ የለውም። ገዢው በዓይኑ መለየት ካልቻለ፣ ስሙ ሲገን የሚጠቀመው ሸማኔው ሳይሆን ነጋዴው ነው። በ2019–20 የተካሄደው አራተኛው የሕንድ የእጅ ሽመና ቆጠራ በዘርፉ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሠራተኞች መኖራቸውን አሳይቷል፤ ከአሥሩ ሰባቱ ሴቶች ናቸው። ከሸማኔ ቤተሰቦች ሁለት ሦስተኛው ያህል የወር ገቢያቸው ከ5,000 ሩፒ በታች ነበር።

የኮላፑሪ ጫማ ጉዳይ ደግሞ የምዝገባውን ሌላ ክፍተት አጋልጧል። በማሃራሽትራና በካርናታካ ስምንት አውራጃዎች የሚሠራው ይህ የቆዳ ነጠላ ጫማ በ2019 ተመዝግቧል። በሰኔ 2025 የጣሊያኑ የፋሽን ኩባንያ ፕራዳ ሚላኖ ላይ ባቀረበው የወንዶች ፋሽን ትርዒት ቁርጥ እሱን የሚመስል ጫማ ሲታይ፣ የኮላፑር ስም የትም አልተጠቀሰም። ምዝገባው የሚጠብቀው ስሙን ስለሆነ፣ ስሙን ያልነካ ኩባንያ በሕግ በቀላሉ አይያዝም። ፕራዳ ምንጩን ያመነው ከሕንድ የቁጣ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ነው፤ በታኅሣሥ ወር ከሁለቱ ግዛቶች የቆዳ ኮርፖሬሽኖች ጋር ተስማምቶ በዚያው ባሉ ባለሙያዎች የሚሠራ፣ ዋጋው ወደ 800 ዩሮ የሚጠጋ ጫማ እንደሚያወጣ አስታወቀ። እዚህ ላይ ለባለሙያው የደረሰለት ጩኸቱ እንጂ ሰርተፊኬቱ አይደለም።

ስለ ሠሪው የሚናገር መለያ ግን ይቻላል። ማስረጃው የሕንድ ምንጣፍ ራሱ ነው። በኋላ በ2014 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ካይላሽ ሳትያርቲ ሕፃናት በምንጣፍ ሥራ መበዝበዛቸውን ሲታገሉ ቆይተው፣ በ1994 ራግማርክ የተባለው መለያ ተቋቋመ። መለያው ምንጣፉ ከየት እንደመጣ ብቻ ሳይሆን የሕፃን ጉልበት እንዳልነካው ለገዢው ያረጋግጣል፤ ዛሬ ጉድዊቭ ይባላል። ብሃዶሂ ሌላም ትምህርት አላት፦ ከሕንድ ምንጣፍ ኤክስፖርት ከግማሽ በላዩን የምትገዛው አሜሪካ በነሐሴ 2025 በሕንድ ዕቃዎች ላይ 50 በመቶ ቀረጥ ስትጥል፣ በአንድ ምርትና በአንድ ገበያ የታሰረ አውራጃ ምን ያህል ሊናጋ እንደሚችል ታየ።

ስሙ ሲገን ማን ይጠቀማል የሚለውን ጥያቄ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከቡና ያውቀዋል። የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ስሞች የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስሙን ማስከበር ተችሏል፤ ከስሙ የሚገኘው ትርፍ ለገበሬው ስንት ደረሰው የሚለው ግን ዛሬም መጠየቅ ያለበት ነው።

የዚህ ዓምድ ጸሐፊ አቋም ግልጽ ነው፤ የሕንድ ፕሮግራም የሚለካበት መስፈሪያ ጎድሎታል። ባለሥልጣናቱ የኤክስፖርት ገቢን ዕድገት እንደ ድል ይቆጥራሉ፤ ያ ቁጥር የላኪውን ኪስ እንጂ የሸማኔዋን ጓዳ አያሳይም። ስለዚህ በጂኦግራፊያዊ አመልካች መዝገብ ላይ ነጋዴዎች ብቻ ሳይሆኑ እያንዳንዱ ሸማኔ፣ ቆዳ ሠሪና ሽቶ አውጪ በሕጋዊ ተጠቃሚነት ይስፈር፤ ምዝገባውም በነፃ ይሁን። አውራጃዎቹም ከኤክስፖርት ዘገባቸው ጎን የባለሙያውን የወር ገቢ በየዓመቱ ያውጡ።