አማካይ ብቻውን አይላክ
በደቡብ ወሎ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

በመኸር ወራት የልማት ሠራተኛው ደብተሩንና ሚዛኑን ይዞ ከማሳ ማሳ ይዞራል። ይለካል፣ ይመዝናል፣ ይጽፋል። ሥራው ሲያልቅ ወደ ወረዳ የሚልከው ቅጽ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ይኸውም የቀበሌው አማካይ ምርት ነው። በብዙ ድካም የተሰበሰቡት ሌሎቹ ቁጥሮች በደብተሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ ደብተሩም በሠራተኛው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህ አሠራር መለወጥ አለበት የሚል እምነት አለው። አማካይ ጠቃሚ ቁጥር መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ብቻውን ሲላክ የተቸገረውን ገበሬ ይሸፍናል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩንም ላልተገባ ወጪ ይዳርጋል።

አማካይ የሚሸፍነው ነገር

ለማስረዳት ያህል በአንድ ቀበሌ የዘጠኝ ገበሬዎች የስንዴ ምርት ተመዝኖ በሄክታር 8፣ 25፣ 7፣ 11፣ 6፣ 34፣ 9፣ 7 እና 10 ኩንታል ሆነ እንበል። ድምሩ 117 ነው። ለዘጠኝ ሲካፈል አማካዩ 13 ኩንታል ይሆናል። ወረዳው ይህን ሲያይ ቀበሌው ደህና ነው ብሎ ያልፋል።

አሁን እነዚሁኑ ቁጥሮች ከትንሹ ወደ ትልቁ በቅደም ተከተል እንጻፋቸው፦ 6፣ 7፣ 7፣ 8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 25፣ 34። ከዘጠኙ አምስተኛው፣ ማለትም በመሀል ላይ የሚውለው፣ 9 ኩንታል ነው። ይህ ሚዲያን የሚባለው የመሀል ቁጥር ነው። የገበሬዎቹ ብዛት ሙሉ ለሙሉ ለሁለት የሚካፈል ሲሆን፣ ለምሳሌ አሥር ቢሆኑ፣ በመሀል የሚውሉት ሁለቱ ቁጥሮች ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ።

ከዘጠኙ ገበሬዎች 13 ኩንታል ያገኘ አንድም የለም። ሰባቱ ከአማካዩ በታች ናቸው። አማካዩን ወደ ላይ የሳቡት ሁለቱ ናቸው፤ ምናልባት መስኖ ደርሷቸው ወይም የተሻለ ዘር አግኝተው ይሆናል። የእነርሱ ምርት መልካም ነው፤ ሌሎችም ሊማሩበት ይገባል። ይሁን እንጂ የሰባቱን ጎተራ አይሞላም። ይህን ሁሉ ለማወቅ ያስፈለገው ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል መጻፍ ብቻ ነው። የሒሳብ መሣሪያ አልተጠየቀም።

በወሎ የታየ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ስለደረሰው ረሃብ ብዙ ተጽፏል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሕንዳዊው ምሁር አማርትያ ሴን ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት በዚያ ወቅት በአገር አቀፍ ደረጃ የምግብ እህል ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እምብዛም ከፍ አላለም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚጫን እህል ነበር። የወሎ ገበሬ ግን ምርቱን በማጣቱ የሚበላውንም የሚገዛበትንም አብሮ አጣ። በገበያ የሚገዛ ሰው ሲጠፋ ዋጋ አይወጣም።

እንግዲህ የአገሩን ጠቅላላ ምርት ብቻ ያየ፣ የገበያውንም ዋጋ ብቻ የጠየቀ ሰው ችግር መኖሩን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ችግሩን የሚናገረው ቁጥር በየቀበሌው፣ በየቤቱ ነበር። የዛሬው የልማት ሠራተኛ ደብተር ውስጥ ያለውም ይኸው ዓይነት ቁጥር ነው። በመሳቢያ መቅረት የሌለበት ስለዚህ ነው።

ደጋውና ቆላው በአንድ አይደመር

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በዚህች አጭር መንገድ አየሩም፣ አዝመራውም፣ የዘር ጊዜውም ይለወጣል። በደሴ ዙሪያ ደጋ በበልግ ዝናብ ገብስ የሚዘራ ገበሬ ብዙ ነው። ወደ ቃሉ ሲወረድ ማሽላና ጤፍ ይበዛሉ።

የበልግ ዝናብ ቢቀር ለደጋው የወቅቱ ገብስ ጠፋ ማለት ነው። ለቆላው ደግሞ ቆይቶ የሚደርሰው ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ አለፈ ማለት ነው። የመጀመሪያው ገበሬ የሚያስፈልገው እስከ መኸር የሚያደርሰው ቀለብና ዘር ነው፤ ሁለተኛው የሚያስፈልገው ፈጥኖ የሚደርስ የማሽላ ወይም የጤፍ ዘር ነው። የሁለቱ ቁጥር ተደምሮ አንድ አማካይ ከወጣለት ግን የሚታየው ደጋም ቆላም ያልሆነ፣ በካርታ ላይ የማይገኝ አገር ነው። ለዚህ አገር ዘር መላክ አይቻልም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሳሳቱበት ስሌት

ማኅበራት ጎተራ ሲከራዩ፣ መኪና ሲያዙ፣ ብድር ሲጠይቁ በምርት ግምት ይመራሉ። በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በአንዱ ቀበሌ 40 ሄክታር ተዘርቶ በሄክታር 20 ኩንታል ተገኘ፤ በሌላው 160 ሄክታር ተዘርቶ በሄክታር 10 ኩንታል ተገኘ እንበል። ሃያና አሥር ተደምሮ ለሁለት ቢካፈል 15 ይመጣል። በ200 ሄክታር ሲባዛ 3,000 ኩንታል ይሆናል።

ትክክለኛው ስሌት ግን እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቀበሌ ምርት 800 ኩንታል፣ የሁለተኛው 1,600 ኩንታል፣ ድምሩ 2,400 ነው። ለ200 ሄክታር ሲካፈል በሄክታር 12 ኩንታል ይሆናል። የ600 ኩንታል ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። ይህ እህል በወረቀት ላይ እንጂ በማሳ ላይ የለም፤ የተከራየው ጎተራና የታዘዘው መኪና ክፍያ ግን በእውነተኛ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለጠቅላላ ምርት ምን ጊዜም ጠቅላላው ኩንታል ለጠቅላላው ሄክታር ይካፈል።

በናሙና ሲለካም ጥንቃቄ ያሻል። በ4 ሜትር በ4 ሜትር ቦታ ላይ የታጨደው እህል በኪሎ ግራም ተመዝኖ በ6.25 ሲባዛ የሄክታሩን ምርት በኩንታል ይሰጣል። ሁለት ኪሎ ከሆነ 12.5 ኩንታል ማለት ነው። በሚዛን ላይ የግማሽ ኪሎ ስሕተት በሄክታር ከ3 ኩንታል በላይ ስሕተት ይሆናል። በዚህ ምክንያት አንድ ናሙና አይበቃም፤ ስንት ናሙና እንደተወሰደም ከውጤቱ አጠገብ ይጻፍ።

ዝናብ በድምር ብቻ አይታወቅም

ከደሴ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ማይባር በ1981 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት የመጀመሪያ ጣቢያ ነው። 113 ሄክታር ያህል ስፋት ባለው ተፋሰስ ላይ ዝናቡ፣ ጎርፉና ታጥቦ የሚሄደው አፈር ሲለካ ቆይቷል። ይህን የመሰለ ጣቢያ ዋጋው የወሩን ድምር ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ዝናብ ለብቻው መመዝገቡ ነው። የዓመቱን አፈር አብዛኛውን ጠርገው የሚወስዱት ጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች ናቸውና።

በወር ውስጥ 120 ሚሊ ሜትር ዘነበ ሲባል በአሥር ቀን 12፣ 12 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ወይም በሁለት ቀን 60፣ 60 ሊሆን ይችላል። ድምሩ አንድ ነው፤ የቀን አማካዩም አንድ ነው። የመጀመሪያው ቡቃያ ያሳድጋል፤ ሁለተኛው እርከን ያፈርሳል። ስለሆነም ከድምሩ ጋር የዘነበባቸው ቀናት ብዛትና የትልቁ ቀን መጠን ይጻፍ።

ሌላም አለ። ዝናብ ለኪው ባልነበረበት ቀን ዜሮ መጻፍ ክልክል መሆን አለበት። ዜሮ ማለት ተለክቶ አልዘነበም ማለት ነው፤ ያልተለካ ቀን በሰረዝ ይመልከት። ይህን የሚጽፈው ሰው በሥራው መጀመሪያ ዘመን ክፍት ቀናትን በዜሮ ሞልቶ ያውቃል። በሠንጠረዡ ላይ የታየው ድርቅ የሰማይ ሳይሆን የእርሱ ነበር።

ምን ይደረግ?

«ቅጹ ያለው አንድ ሳጥን ብቻ ነው» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን የቅጹ ጀርባ ባዶ ነው። በዚያ ላይ የሚከተሉት ይጻፉ፦

1. የተለኩት ማሳዎች ወይም ገበሬዎች ብዛት፤
2. ትንሹና ትልቁ ቁጥር፤
3. የመሀል ቁጥር፤
4. ከአማካዩ በታች የሆኑት ገበሬዎች ብዛት፤
5. ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው እያንዳንዱ ለብቻው።

እነዚህን ለማዘጋጀት የሚፈጀው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ከአማካይ የመራቅን መጠን የሚለካውን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የምርምር ማዕከላት ሊያሰሉት ይችላሉ፤ ለዚህም የደብተሩ ግልባጭ ሊደርሳቸው ይገባል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ለጎተራና ለመኪና ጠቅላላውን ምርት፣ ለዘር ብድርና ለእርዳታ ግን የመሀሉንና የትንሹን ቁጥር ይመልከቱ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

6 ኩንታል ያገኘው ገበሬ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ላይናገር ይችላል። ከአማካዩ ጋር የእርሱም ቁጥር ከተላከ ግን ወረዳው ሳያየው አያልፍም።