ራዲያተር፣ ሃይላንድ እና ልጆች

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ፣ ቤተሰብ ጭኖ ወደ ሀገር ቤት የሚወጣው መኪና ይበዛል። ጎማ ይታያል፣ ዘይት ይቀየራል፣ ዳቦ ቆሎው ይዘጋጃል። ራዲያተሩን ግን አባይ በረሃ ላይ ራሱ እስኪያስታውሰን ድረስ የሚያስበው የለም። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሰው፣ ኮፈን ከፍቶ እንፋሎት እያየ የቆመ ቤተሰብ ብርቁ አይደለም። አያት ጥላ ይፈልጋሉ፣ ልጆች ውሃ ይላሉ፣ አባት ክዳኑን የሚይዝበት ጨርቅ ያስሳል። ክዳኑ ደግሞ በዚያ ሰዓት ፈጽሞ መነካት የሌለበት ነገር ነው።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ሞተር ውስጥ የሚዞረው ውሃ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይመጣል፤ ራዲያተሩም በቀጫጭን ቱቦዎቹና በስስ ክንፎቹ በኩል ለነፋሱ ያስረክበዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላችን ለመብሰል ጊዜ የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ሞተር ግን ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቶ ይሠራል። ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው ክዳኑ ነው፤ ግፊት አፍኖ ይዞ የመፍያውን ልክ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ መኪና ማሞቅ ሲያበዛ እኔ ቀድሜ የማየው ክዳኑን ነው። የውስጥ ጎማው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር፣ ለምሳሌ 0.9 ወይም 1.1፣ አይታችሁ እኩያውን ግዙ። ከራዲያተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

«አገራችን በረዶ የለም፤ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ኩላንት ከበረዶ ብቻ አይደለም የሚከላከለው፤ ዝገትንም ይከለክላል፣ መፍላትንም ያዘገያል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ለዓመታት ሲዞር ዝገትና ደለል ሠርቶ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይደፍናል። ያልተበጠበጠ ኩላንት ከገዛችሁ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉት። የተጣራ ውሃ ስል ባትሪ ሲጎድል የሚጨመረውን ማለቴ ነው፤ አሲዱን እንዳታደርጉት አደራ።

በወር አንድ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። በመጠባበቂያው ፕላስቲክ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች እዩ፤ ልኩ በመካከላቸው መሆን አለበት። የጎማ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፤ የላሸቀ ወይም የተሰነጠቀ ይቀየር። በመገጣጠሚያዎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካያችሁ እዚያ ያፈሳል ማለት ነው። በክንፎቹ መካከል የገባውን አቧራና ነፍሳት፣ ጫና በሌለው ውሃ ከሞተር በኩል ወደ ፊት እጠቡት። ኃይለኛ ውሃ ክንፎቹን ያጥፋቸዋል።

ይጠገን ወይስ ይቀየር? የድሮዎቹ የመዳብና የነሐስ ራዲያተሮች ተበይደው ዓመታት ያገለግላሉ። የአሁኖቹ ግን መካከላቸው አሉሚኒየም፣ ላይና ታቻቸው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ማጣበቂያ ግፊቱን ብዙ አይችለውም። እኔ ቀይሩት እላለሁ። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁመቱን፣ የቱቦዎቹን አፍ፣ የማሰሪያዎቹን ቦታ ጎን ለጎን አስተያዩ። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮ ዘይት የሚያመላልሱት ሁለት ቀጫጭን አፎች መኖራቸውን አትርሱ።

መቀየሩ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ጥቂት ቁልፎች ላለው ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፤ በአንዳንድ መኪና ፋኑ ቁልፉ ተዘግቶም በድንገት ይነሳልና ጣት ይቆርጣል። ለእንጀራ ወይም ለልብስ የማይመለስ ሳፋ ከሥር አድርጋችሁ ውሃውን አፍስሱ። የላዩንና የታቹን ቱቦ፣ የካምቢዮ መስመር ካለም እሱን፣ የፋኑን ሽቦ ፍቱ። ፋኑንና የላይ ማሰሪያዎቹን አውጥታችሁ ራዲያተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አዲሱን ስታስገቡ ከሥሩ ያሉት ጎማዎች በቦታቸው መሆናቸውን አረጋግጡ።

ሲሞላ አትቸኩሉ። ክዳኑን ሳትዘጉ ቀስ እያላችሁ ሙሉ፤ የመኪናውን ማሞቂያ ወደ ሙቅ አዙራችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ አረፋው እያለቀ ልኩ ሲወርድ ጨምሩ። የታችኛው ቱቦ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፈተ ማለት ነው፤ አረፋው ሲያቆም ዝጉት። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ እንደገና እዩት። አረፋው አላቋርጥ ካለ፣ ወይም የዘይቱ ክዳን ሥር እንደ ማኪያቶ የነጣ ነገር ከታየ ግን ውሃና ዘይት ተገናኝተው ይሆናል። ምናልባት የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፤ እሱ የግቢ ሥራ አይደለም፣ ለመካኒክ ስጡት።

መንገድ ላይ ቢፈላ ከዳር ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ጠብቁ። ልጆቹን ከኮፈኑ አርቁ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ የጋለ ክዳን መክፈት ደግሞ ፊትን ያቃጥላል።

ይህን ሁሉ ለወላጅና ለአያት የምጽፍበት ዋናው ምክንያት ግን የተረፈው ኩላንት ነው። በብዛት የምንጠቀምበት ኩላንት ኤትሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ አለበት። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ቀለሙ ቀይ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ፣ ልክ እንደ ለስላሳ መጠጥ። ጥቂት መጠን እንኳ የልጅን ኩላሊት ሊያጠፋ፣ ሊገድልም ይችላል። በየቤታችን ደግሞ ጠበሉም፣ ጋዙም፣ ዘይቱም የሚቀመጠው በሃይላንድ ነው። የተጠማ ልጅ ወይም ዓይናቸው የደከመ አያት በምን ይለዩታል?

ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ሕጉ አንድ ነው፦ ኩላንት ከመጣበት ዕቃ ወጥቶ ወደ ሌላ አይገባም፤ የሚቀመጠውም ተቆልፎ ነው። የፈሰሰው በውሃ ይታጠባል፤ ውሻና ድመትም ይልሱታልና። አሮጌው በተጻፈበት ጀሪካን ተዘግቶ ወደ ጋራዥ ይሄዳል እንጂ ጓሮ አይደፋም። ልጅ ቀምሷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት አትጠብቁ፣ እንዲያስታውክም አታስገድዱት፤ ዕቃውን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሩጡ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ከመንገዳገድ በቀር ምንም ላይታይበት ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ከውስጥ ሰዓት ይቆጥራል።

ዛሬ ማታ መጋዘናችሁን ወይም የደረጃችሁን ሥር አንድ ጊዜ እዩልኝ። ስም ያልተጻፈበት ቀለም ያለው ሃይላንድ ካለ፣ ከራዲያተሩ በፊት የእሱን ጉዳይ ጨርሱ።