«ያ የጻፍከው ወረቀት የት አለ?»

ረጅም ነው። ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ ካልተመቻችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ አንብቡት። ግን አንብቡት።

ሰሞኑን እዚሁ ሰፈር አንድ ልጅ ከየካ ተራራ ግርጌ ስለሚነሱ ገበሬዎች ጽፎ ኮሜንቱን ወርጄ አነበብኩ። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ካሳ ተከፍሏቸዋል አይደል እንዴ? በልተው ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ ምን ሁኑ ነው የሚሉን?» ስልኬን አስቀምጬ ልተኛ ሞከርኩ፤ አልሆነም።

መጀመሪያ ራሴን ላጋልጥ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። (ስሙ የካ ነው እንጂ ክፍለ ከተማው ዛሬ ለሚ ኩራ ተብሏል።) ዕጣው የወጣላት እናቴ ናት፤ የወጣ ቀን እልልታዋ ጎረቤት ሰብስቧል። ሕንፃው የቆመበት መሬት ደግሞ ሲታረስ የኖረ መሬት ነው። ስለዚህ «ከተማ አይደግ» የሚል አፍ የለኝም። ከተማው ያድግ። ጥያቄዬ ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው ነው።

አሁን ወደዚህ «ካሳ ተከፈላቸው» ወደሚባለው ነገር እንምጣ።

ብዙ ሰው ገበሬ ሲነሳ የመሬቱ ዋጋ የሚከፈለው ይመስለዋል። አይከፈለውም! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ካሳ የሚሰላው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና መሬቱ ይሰጥ ለነበረው ምርት ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ጊዜ ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይሰጠው ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተሻሻለ፤ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተሰጠው ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 ይባዛል ተባለ።

ለስሌት ያህል፣ አንድ ቤተሰብ በአማካይ የ30 ሺህ ብር ምርት በዓመት ያገኝ ነበር እንበል። በቀድሞው ሕግ 300 ሺህ ብር ነው። ስድስት ልጆች ካሉት ለአንዱ ልጅ 50 ሺህ ብር። በአዲሱ ሕግ ምርጡ ዓመት 40 ሺህ ብር ከነበረ 600 ሺህ ብር። እስቲ በ600 ሺህ ብር አዲስ አበባ ውስጥ ምን እንደሚገዛ ንገሩኝ። እናንተ «በልተው ጨረሱት» የምትሉት የ15 ዓመት እህል ነው። ያ መሬት ግን የ15 ዓመት መሬት አልነበረም። አያቱን ያበላ፣ እሱን ያበላ፣ የልጅ ልጁንም ያበላ የነበረ ነው። ያው መሬት ነገ በሊዝ ጨረታ በካሬ ሲቸበቸብ ዋጋውን የምታውቁት እናንተው ናችሁ። ገበሬው ላይ ሲደርስ መሬት ዋጋ የለውም፤ ከገበሬው እጅ በወጣ ማግስት ዋጋው ሰማይ ይነካል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ስሌቱ በ15 የሚባዛ ከሆነ፣ ሳይመዘገብ የቀረ አንድ ኩንታል የሚቀረው አንድ ጊዜ አይደለም፤ 15 ጊዜ ነው። አሥር ባሕር ዛፍ ካልተቆጠረም ቀረ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በማስረጃ ነው። ማስረጃው ደግሞ ወረቀት ነው።

እዚህ ጋ ነው የእኔ ጥፋት የሚመጣው።

በ2011 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከኮተቤ በላይ ወዳሉት ኮረብታዎች እየወጣሁ ገበሬ ቤት ለቤት ስጠይቅ ከረምኩ። የአንድ አባት ቤት አልረሳውም። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፣ ልጃቸው ነበረች የምታስተረጉምልን። ሦስት ሰዓት ያህል ቁጭ ብለው መለሱልኝ። የሦስት ዓመት ምርታቸውን በኩንታል፣ ከብቶቻቸውን፣ ዛፎቻቸውን፣ ስንት ሸጠው ስንት እንደበሉ ነገሩኝ። እርጎ ሰጡኝ። ልሄድ ስነሳ «ልጄ፣ ይሄ የምትጽፈው ለኛ ምን ያደርግልናል?» አሉኝ። እኔም ሁሉም ተመራማሪ የሚመልሳትን መለስኩ፦ «ለፖሊሲ አውጪዎች ግብዓት ይሆናል።»

ግብዓት! ጥናቱ «ኤ» አገኘ፣ ተጠረዘ፣ በእንግሊዝኛ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የተሞሉትን መጠይቆች ቤት ስናጸዳ ለቆራሌው ሸጥኳቸው።

በዓመቱ ስልኬ ጠራ። ልጅቷ ናት። «ወንድሜ፣ ያ አባዬን እየጠየቅክ የጻፍከው ወረቀት የት አለ?» አለችኝ። የመነሻ ማስታወቂያ ደርሷቸዋል። የካሳ ገማቾቹ ምርታቸውን እሳቸው ከሚያውቁት በታች ጽፈውታል። አቤቱታ ለማቅረብ 30 ቀን አላቸው። «ማስረጃ አላችሁ?» ተብለዋል። የእሳቸው ማስረጃ እኔ ነበርኩ። የሦስት ዓመቱን ምርት፣ ያውም ሕጉ የሚጠይቀውን ሦስት ዓመት፣ ጥያቄ ጠይቆ የመዘገበው ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ።

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ቁጥሩ አለ፣ ስም የለም። በጥናት ሥነ ምግባር ደንብ ስማቸውን አጥፍቼ «ቤተሰብ 27» ብያቸዋለሁ። ያችን አንድ መስመር አትሜ ይዤ ከልጅቷ ጋር ሄድኩ። የተቀበለን ሰው አየት አደረጋትና «27 የሚባል ሰው አላውቅም» አለ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔ እሱ ቦታ ብሆንም አልቀበልም ነበር። ፊርማ የለው፣ ስም የለው፣ ምስክር የለው። መጠይቁ ላይ ግን ፊርማቸው ነበረበት። መጠይቁ ቆራሌው ጋ ነው።

አባትየው አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዱላ መጀመሪያ የሚያርፈው ባለሥልጣን ላይ አይደለም። እኛ ላይ ነው፦ «የገበሬውን የመሬት መብት እናጠናለን» በምንለው ላይ።

ታሪኩን እናውቀዋለን። ለአሥር ዓመት ያህል አዋጅ ቁጥር 621/2001 ነበረ፤ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ላይ መሥራት አይችልም ይል ነበር። በዚያ ጊዜ ስለ መሬት መብት የሚጮኽ ድርጅት ጠፋ ቢባል ሰበብ ነበረው። በ2011 አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ፣ ክልከላው ተነሳ። ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን አደረግን? ወርክሾፕ። ሆቴል ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከሻይ ዕረፍት ጋር። እነ ደሳለኝ ራህማቶ ስለ ኢትዮጵያ ገበሬና መሬት ለአሥርት ዓመታት ጽፈዋል፤ ክብር ይገባቸዋል። የእኛ ትውልድ ከነሱ የወረሰው ግን የግርጌ ማስታወሻ አጻጻፉን ብቻ ነው የሚመስለው። ኮረብታው ላይ ያለች እናት ተጠይቃ ተጠይቃ ደክሟታል። ከጠየቅናት ውስጥ አንድ ገጽ ይዘን በቋንቋዋ የተመለስንላት አለን? እስቲ እጅ አውጡ።

ከእንጦጦ በኩል ያለው ደግሞ ይብሳል። አዋጁ «ባለይዞታ» ነው የሚለው። ባሕር ዛፉ በምኒልክ ዘመን እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች አሉ። እንጀራችንን የጋገረው የነሱ ጀርባ ነው። ይዞታ የላቸውም፤ ስለዚህ በካሳ ሕጉ ዓይን የሉም። እኩል አራሹም የለም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 መጀመሪያ ሲመረቅ ሁላችንም ሄደን ፎቶ ተነሳን፤ እኔም ተነስቻለሁ፣ ያምራል። ግን ቦታ ከመታጠሩ በፊት በዚያ ጫካ የሚያድረውን ቤተሰብ ስም በስም መዝግቦ በአደባባይ መለጠፍ የማንኛውም ፕሮጀክት የመጀመሪያ ሥራ መሆን አለበት። ያልተቆጠረ ሰው ሲጠፋም አይታወቅም።

«አንተ ይሄን የምታነሳው ለብሔር ፖለቲካ ነው» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ቀድሜ ልመልስ። የአዲስ አበባና የዙሪያው ማስተር ፕላን በ2006ም በ2008ም ሕዝብ አደባባይ አወጣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ጥር 2008 ላይ ተሰረዘ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ «አዲስ አበባ የማን ናት» ላይ ቀረ። በዚህ ጩኸት መሃል የተረሳው ገበሬው ነው። ኦሮምኛ ተናገረ አማርኛ፣ ዶዘሩ ቋንቋ አይጠይቅም። «የኛ ነው» እያለ የሚጮኸውም ቢሆን፣ ሰውየው አቤቱታ ሊጽፍ ሲል እስክሪብቶ የሚያቀብለው አላየሁም።

«ገበሬውም እኮ ለጨረቃ ቤት እየሸነሸነ ሸጠ» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ የሸጠ አለ። ለምን ሸጠ? ነገ በአሥር ዓመት ምርት ሂሳብ እንደሚወሰድበት ያወቀ ሰው ዛሬ ደላላ የተሻለ ካመጣለት ምን ያድርግ? ሕጋዊው መንገድ ሲያከስር ሕገወጡ ገበያ ይሆናል። ደላላውን ያሳደገው ካሳው ነው።

አዲስ ሕግ ይውጣ እያልኩ አይደለም። የተጻፈው ይፈጸም። የ2011ዱ አዋጅ ተነሺውን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት አማክሩ ይላል። አቅም ካለው መሬቱን ራሱ የማልማት ቅድሚያ አለው ይላል። መልሶ ማቋቋምም ይላል። ሕገ መንግሥቱም በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሳና ድጋፍ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ አንቀጽ 44። «መሬት ለአራሹ» ከታወጀ፣ ከየካቲት 25 ቀን 1967 ወዲህ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። አራሹ ዛሬም የሚጠይቀው ያመረተው ኩንታል በትክክል እንዲቆጠርለት ነው። በዛ?

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ለተማሪዎችና ለመምህራን፦ ገበሬ ቤት ገብታችሁ መጠይቅ ከሞላችሁ አንድ ኮፒ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ ስማቸውና ቀኑ ያለበት፣ እዚያው እጃቸው ላይ ትታችሁ ውጡ። በጥናታችሁ ስማቸውን አጥፉ፤ በእጃቸው ባለው ወረቀት ላይ ግን ስማቸው ይኑር። አማካሪ መምህራን፣ ይሄ ሳይደረግ አትፈርሙ።

ለገማች ኮሚቴዎች፦ የኩንታሉን ነጠላ ዋጋ፣ የዛፉን ነጠላ ዋጋና ለእያንዳንዱ ቤት የተሰላውን ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ ሲጠይቅ በ30 ቀን መልሱ ይላል። ትክክል ከሠራችሁ ምን ያስፈራችኋል?

ከየካ እስከ ለገዳዲ፣ ከጉራራ እስከ እንጦጦ ማዶ የሚያርስ ዘመድ ላላችሁ ሁሉ፦ ማስታወቂያ እስኪመጣ አትጠብቁ። በዚህ እሑድ ሄዳችሁ ደብተር ግዙላቸው። የሦስቱን ዓመት ምርት በየዓመቱ ለይታችሁ ጻፉ፣ ሦስት ጎረቤት በምስክርነት ይፈርም። ዛፉን ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ። የግብር ደረሰኙን ከትራስ ሥር አውጥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ማስታወቂያ ከደረሰ ቀኑን ጻፉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው፣ 31ኛው ቀን የሚሰማችሁ የለም።

እኔ ጀምሬአለሁ። ያኔ ከጠየቅኳቸው ቤተሰቦች ገና ያልተነሱት ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ደብተር እያስሞላሁ ነው። እስካሁን 14 ቤት። «ቤተሰብ 27» ግን ከነዚህ ውስጥ የሉም። አሁን ከከተማ ዳር አንድ ክፍል ተከራይተው ነው ያሉት። ስሄድ ዛሬም እርጎ ይፈልጉልኛል፤ ላሟ የለችም።

መሳደብ የምትፈልጉ ኮሜንቱ ክፍት ነው። አብሮኝ ቅዳሜ መውጣት የሚፈልግ፣ በተለይ ኦሮምኛ የሚችል፣ ኢንቦክስ ያድርገኝ። ሼር የምታደርጉ ደግሞ ደብተር የምትለዋን ክፍል አትቁረጧት።